ከአገር ርቆ የቆመ ወታደር ራስን የመከላከል ልምምዱን እንዴት ይጠብቃል?

ራስን የመከላከል ጥበብ እንደ ቋንቋ ነው ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም። ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ሦስት ዓመት ሳይናገረው ቢቀር ቃላቱን ከነትርጉማቸው ያስታውሳቸዋል፤ ሰው ፊት ቆሞ መልስ በሚፈለግበት ሰዓት ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል። እጅና እግርም እንደዚሁ ናቸው። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው ልምምዱን ቢተው እርግጫው ምን እንደሚመስል አይረሳም፤ የሚጠፋበት ጊዜውን ማወቁ ነው። ተቃራኒው ሲንቀሳቀስ እርሱ ገና ያስባል።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው ለጨዋታ ያህል አይደለም። እኛ በጉለሌ በኩል የምንኖር፥ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ባለች አንዲት የልምምድ ቤት ማታ ማታ የምንሠለጥን፥ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እንጦጦን በሩጫ የምንወጣ ጥቂት ተማሪዎች ነን። አብረውን ከሠለጠኑት መካከል ወደ ጦር ሠራዊት የገቡ አሉ፤ ከእነርሱም በሰላም ጥበቃ ምክንያት ከአገር ውጭ ቆይተው የመጡ አሉ። ሲመለሱ ያየነው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ልምምድ ቤቱ መግባት ያፍራሉ። ከእነርሱ በኋላ የጀመሩት ልጆች አልፈዋቸው ስለሚያገኟቸው በር ላይ ሰላምታ ሰጥተው ይሄዳሉ። ዘንድሮም ትምህርቱን ጨርሶ ወደ መኰንንነት ለመግባት ያሰበ ጓደኛ አለን። ስለዚህ መጻሕፍት አገላብጠን፥ የተመለሱትንም ጠይቀን ያገኘነውን እዚህ እናቀርባለን። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈናል፤ በኤውሮጳ የሆነውን እንዲያ ብለን እናመለክታለን።

በአገራችን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የቃኘው ሻለቃ ነው። ስሙ ከራስ መኰንን የጦር ፈረስ የመጣ መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጅቡቲ ወደብ በአሜሪካን የጦር ማመላለሻ መርከብ ተሳፈረ፤ ኮሪያ፥ ፑሳን ወደብ የደረሰውም በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ሦስት ሳምንት ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፑሳን ከደረሱም በኋላ ወዲያው ወደ ግንባር አልተላኩም። አስቀድሞ በአሜሪካን መሣሪያ እንደገና ሠለጠኑ፤ ከዚያ በኋላ ከ7ኛው የአሜሪካን እግረኛ ክፍለ ጦር፥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ። እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ የማያውቁ ሆነው አይደለም። ክቡር ዘበኛ በስዊድን መኰንኖች እጅ የሠለጠነ፥ በአገሪቱ ከነበረው ጦር የተመረጠ ነበር። ነገር ግን ሌላ ጠመንጃ ሌላ ክብደት አለው፤ ሳንጃ ሲሰካበት ሌላ ርዝመት ይኖረዋል። አገሩም ሌላ ነው። በሐምሌ ዝናብ፥ በጥር ደግሞ ውሃ ከቅል ውስጥ የሚያረጋ ብርድ ነው። በአዲስ አበባ የተማሩትን በዚያ አገር መሬት ላይ፥ በዚያ አገር ልብስ እንደገና መማር ነበረባቸው። የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ነው፤ ወደ ኋላም በከስክስ ጫማ ነገር ላይ እናነሣዋለን።

ቃኘዎች በዓለም የታወቁት በተለይ በሌሊት ቅኝት ነው። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1956 ባሳተመው ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ለኢትዮጵያውያኑ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በግንቦት 1945 ዓ.ም. «ዮክ» እና «አንክል» በሚባሉት የጦር ምሽጎች አካባቢ የተደረገውን ውጊያ ይተርካል። ጨለማ፥ ጠባብ ቦይ፥ የእጅ ቦምብ፥ ሰው ከሰው የሚተናነቅበት ርቀት። ጠመንጃ የሩቅ መሣሪያ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ግን ርቀት የሚባል የለም። በጦርነቱ ከቃኘዎች ከ120 በላይ ሞቱ፥ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ነገር በየስብሰባው የሚነገረው «ጀግንነት» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እኛ ግን በዚህ አንረካም። ድምፅ ሳያሰሙ በጨለማ ተራምዶ መሄድ፥ ወድቆ ሳይጮኹ መነሣት፥ የቆሰለ ጓደኛን ተሸክሞ መመለስ፥ እነዚህ ሁሉ ከልብ ብቻ የሚወጡ አይደሉም፤ ተደጋግመው የተሠሩ ሥራዎች ናቸው። ልምምዱን ሳያነሡ ጀግንነቱን ብቻ ማመስገን ለሰዎቹ ክብር የሚጨምር አይመስለንም። (አፍንጮ በር ላይ የቆመውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ከዩኒቨርሲቲያችን በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል። በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፍ፥ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብሎ ያላየው ተማሪ ብዙ ነው።)

የሆነ ሆኖ በጦርነት ላይ ያለ ወታደር ልምምዱን የሚጠብቅለት ጠላቱ ነው። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ተኩስ ሲቆም ነው። በኮሪያ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ የኢትዮጵያ ወታደሮች ግን ከዚያም በኋላ እዚያው ቆይተዋል። የሰፈር ኑሮ ተጀመረ ማለት ነው። ዘብ፥ ምግብ፥ እንቅልፍ፥ ደግሞ ዘብ። አካል የሚዝገው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ከዚህ ላይ የማሞ ወልዴን ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። ማሞ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በኮሪያ ካገለገሉት አንዱ ነበር። ከዚያ ተመልሶ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ሮጠ፤ ሜዳልያ አላመጣም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅና የ10 ሺህ ሜትርን ብር፥ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ የማራቶንን ነሐስ አገኘ። ሩጫ ቡጢ አይደለም፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ውትድርናና ሩቅ አገር የሰውን አካል ሥራ ያቋርጡታል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አናገኝለትም።

ሁለተኛው ምሳሌ ኮንጎ ነው። በ1952 ዓ.ም. ክረምት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ ኮንጎ ሲገባ ኢትዮጵያውያን ከቀደሙት መካከል ነበሩ። ኋላም በኮሪያ የኢትዮጵያን ጦር የመሩት ከበደ ገብሬ ጄኔራል ሆነው የዚያን የተባበሩት መንግሥታት ጦር በሙሉ በአዛዥነት መርተዋል። በመጀመሪያ ለዚህ ጦር የተሰጠው ትእዛዝ መሣሪያን ራስን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይጠቀም የሚል ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ «ራስን መከላከል» የሚለው ቃል የልምምድ ቤት ቃል ብቻ አለመሆኑን እናያለን፤ የሕግም ቃል ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በአብዬ የነበረው የሰላም አስከባሪ ጦር አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነበር። የሰላም አስከባሪ ወታደር በየቀኑ የሚገጥመው የተሰለፈ ጠላት አይደለም። በር ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ ነው፥ የተቆጣ ጎረምሳ ነው፥ ክንዱን የሚይዝ ወይም የጠመንጃውን አፈሙዝ የሚጎትት ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ዋናው ነገር ይኸው ነው። በቃልና በጥይት መካከል ሌላ ምንም የሌለው ወታደር፥ ቃሉ ሲያልቅበት ወደ ጥይት ይሄዳል። እጁን የሚያውቅ ወታደር ግን ሦስተኛ ነገር አለው፤ ክንዱን ያስለቅቃል፥ ጠመንጃውን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፥ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይወጣል፥ ሰውየውን ሳይገድለው ያርቀዋል። ልምምዱን የተወ ሰው ይህን ሦስተኛ ነገር ሳያውቀው ያጣዋል። የሚያጣውም በሰፈሩ ውስጥ ሳይሆን በሩ ላይ፥ አንድ ወጣት ልብሱን በያዘበት ሰከንድ ነው። ከእኛ ጓደኞች አንዱ ለአንድ መንደር ልጅ ሞት ምክንያት የሚሆነው ወይም የማይሆነው በዚያች ሰከንድ ነው።

ወደ ሰውነት ጉዳይ እንለፍ። ቅድም ያቆየናት የሦስት ሳምንት መርከብ እዚህ ትጠቅመናለች። ልምምድ ያቆመ ሰው አስቀድሞ የሚጎድለው ትንፋሹ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀነሱ ይታወቃል። የጡንቻ ኃይል የበለጠ ይታገሣል፤ ወር ያህል ብዙ ሳይጎድል ይቆያል። የእንቅስቃሴው መልክ ደግሞ ለዓመታት አይጠፋም። ስለዚህ ነው ከሚሲዮን የሚመለስ ጓደኛችን ፑምሴውን አሳምሮ ሠርቶ፥ በግጥሚያ ላይ በሁለተኛው ደቂቃ የሚያቃስተው። የሚያጽናና ነገርም አለ። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካን አገር በተደረጉ ጥናቶች፥ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠለጥኑ የነበሩ ሰዎች ወደ ሁለት ቀን ቢቀንሱ፥ ወይም የልምምዱን ሰዓት ወደ ሩብ ሰዓት ገደማ ቢያሳጥሩ፥ ትንፋሻቸውን ለወራት ሊጠብቁት እንደሚችሉ ታይቷል። ይህ የሚሆነው ግን ልምምዱ እንደ ድሮው ከባድ ከሆነ ብቻ ነው። ክብደቱን ሲቀንሱት ጥቅሙ አብሮ ሄዷል። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሰዓቱን አርዝሞ ሥራውን ያለሰልሳል፥ ግማሹንም በወሬ ያሳልፋል።

እንግዲህ ወታደሩ ምን ይሥራ? አስቀድሞ ይምረጥ እንላለን። በልምምድ ቤት የተማረውን ሁሉ ይዞ መዝለቅ አይችልም፥ አያስፈልገውምም። ከስክስ ጫማ የተጫማ፥ ከአሥር ኪሎ የማያንስ ጥይት መከላከያ ሰደርያ የለበሰ ሰው ወደ ራስ የሚወረወር እርግጫ ቢሞክር የሚወድቀው ራሱ ነው። ቃኘዎች አዲሱን ጠመንጃ እንደገና እንደተማሩት ሁሉ እርሱም የሚያውቀውን በዚያ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደገና ይማር። እኛ ብንመርጥ የምንመርጠው ጥቂት ነው፤ የእግር አቋምና ወደ ጎን መውጣት፥ ቀጥተኛ ቡጢና የመዳፍ ግፊት፥ ከጉልበት በታች የሚሄድ አንድ እርግጫ፥ አወዳደቅ፥ የተያዘ ክንድንና አንገትን ማስለቀቅ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠመንጃን አለማስነጠቅ። የመጨረሻው በብዙ የልምምድ ቤቶች ጨርሶ አይሰጥም። ባዶ በተረጋገጠ ጠመንጃ ወይም በዚያ ርዝመት በተቆረጠ ዱላ ከጓደኛ ጋር ሊሠራ ይችላል። ሽመል ይዞ ያደገ የገጠር ልጅ ይህን ከእኛ የከተማ ልጆች ፈጥኖ ሲይዘው አይተናል።

ሽመልን ካነሣን አይቀር፥ አባቶቻችን «ልምምድ» የሚባል ነገር ለብቻው አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ቀን ነበር። ለገና የገና ጨዋታ፥ ለጥምቀት ፈረስ ጉግስ፥ ለእረኞቹም በየሜዳው ትግል። ቀኑ ሲመጣ ሰውየው ፈለገም አልፈለገም አካሉ ይፈተናል። ከአገሩ የራቀ ወታደር ይህ ቀን የለውም፤ ራሱ መሥራት አለበት። ስለዚህ ልምምዱን «ሲመቸኝ» ከሚል ሐሳብ ጋር ሳይሆን ከማይቀር ነገር ጋር ያስረው። የተመለሱት እንደነገሩን ከሁሉ የሚሻለው ከዘብ ከወረዱ በኋላ፥ ከመታጠባቸው በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከዘብ በፊት መሥራት ደክሞ ዘብ መቆም ነውና አይገባም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ አምስቱ ለማሟሟቅ፥ አሥሩ ያለ ዕረፍት ለሚሠራ ከባድ ሥራ፥ አምስቱ ለአንድ እንቅስቃሴ ብቻ። ገመድ ዝላይ ከሁሉ ይረክሳል፥ ከሁሉም ይጠቅማል። የሚመታ ነገር ካስፈለገ ጆንያ በጨርቅና በመጋዝ ዱቄት መሙላት ነው። አሸዋ ብቻ የተሞላ ጆንያ እንደ ድንጋይ ስለሚረጋ አንጓን ይጎዳል።

የአየሩን ጠባይ ችላ ማለት አይገባም። ከጉለሌ ደጋ ወርዶ እንደ አብዬ ያለ ቆላ የገባ ሰው አካሉ ሙቀቱን እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። በእነዚህ ቀናት ጀግና ነኝ ብሎ በእኩለ ቀን የሚሮጥ ሰው ሐኪም ቤት ይገባል። በጠዋት ወይም በማታ፥ ጥቂት በጥቂት፥ ውሃ እየጠጡ መጀመር ነው። እንደ ኮሪያ ክረምት ባለ ብርድ ደግሞ የማሟሟቂያው ጊዜ በእጥፍ ይጨመር፤ በበረደ ጅማት እርግጫ መወርወር ጅማትን መበጠስ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለብቻ የሚሠራ ነው። ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን የማይጠብቀው ነገር አለ፤ እርሱም መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ጊዜን ማወቅ ነው። ለዚህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እኛ የምንመክረው ቶሎ ማስተማር እንዲጀምር ነው። ከጓዱ አንድ ሰው ይምረጥ፥ ምንም የማያውቅ ቢሆን የበለጠ ይሻላል። የማያውቅ ሰው የሚይዘው እንደ ልምምድ ቤት ተማሪ በሥርዓት ሳይሆን በር ላይ እንደሚመጣው ጎረምሳ እንዳገኘ ነው። ደግሞም የሚያስተምር ሰው መቅረት አይችልም፤ ተማሪው ይጠብቀዋልና። ከሌላ አገር ጦር ጋር በአንድ ሰፈር የሚኖር ከሆነ ቦክሰኛ፥ ጁዶ የሚያውቅ ሰው አያጣም። ከእርሱ መማር ለማስተማር ከመቀመጥ አያንስም። ለዚህም የዓለም ምሳሌ አለ። ዛሬ ቴኳንዶ የምንለው ስም የተሰጠው ቃኘዎች ከተዋጉ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያም ካስፋፉት መካከል የኮሪያ ጦር መኰንኖች ይገኙበታል። በፊልም የምናውቀው ቻክ ኖሪስ ደግሞ ታንግ ሱ ዶ የተባለውን የኮሪያ ጥበብ የጀመረው የአሜሪካን አየር ኃይል ወታደር ሆኖ በኮሪያ፥ ኦሳን በተባለው ሰፈር ሲያገለግል ነው። ለእርሱ የሩቅ አገር ግዳጅ የልምምድ ማቋረጫ ሳይሆን ትምህርት ቤት ሆነለት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፥ ማንኛውም ግጥሚያ በአለቃ ፈቃድ ይሁን፤ በጨዋታ ጣቱን ሰብሮ ከዘብ የሚቀር ወታደር ሸክሙን በጓደኛው ላይ ይጥላል። ሁለተኛ፥ የእጅ ጥበብ ከወታደር ትምህርት ሁሉ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያ ዕርዳታ የማያውቅ፥ ካርታ የማያነብ፥ የአካባቢውን ቋንቋ ሰላምታ እንኳ ያልተማረ ሰው በቡጢ ቢጎብዝ አይረባም። እንዲያውም «ተው»፥ «ቁም»፥ «ና እንነጋገር» የሚሉትን ሦስት ቃላት በአገሩ ቋንቋ ማወቅ ከአሥር እርግጫ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን የምንለው የቋንቋ ተማሪዎች ስለሆንን ብቻ አይደለም። እንደ ወንዶቹ ሁሉ በሰላም ጥበቃ ያገለገሉ እኅቶቻችን እንዳጫወቱን፥ በሴቶችና በሕፃናት መካከል ፍተሻ ላይ የቆመች ወታደር ከሁሉ በፊት የሚረዳት ድምፅዋ ነው። ድምፅም ይለመዳል፤ በልምምድ ቤት የምንጮኸው ለከንቱ አይደለም።

ከአሠልጣኝ ጋር ያለውን ግንኙነት መጠበቅ ዛሬ ከቃኘዎች ዘመን ይልቅ ቀሏል። በወር አንድ ጊዜ፥ ኔትወርክ በተገኘበት ቀን፥ የሁለት ደቂቃ እንቅስቃሴ በእጅ ስልክ አስቀርጾ መላክ ነው። የሰፈሩን፥ የመሣሪያውንና የአጥሩን መልክ ግን በምስሉ እንዳያስገባ ይጠንቀቅ። አሠልጣኙ የሚልክለት መልስ «ግራ እግርህ ዘግይቷል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን እንኳ ለወር የሚበቃ ሥራ ነው።

የቀረው የመመለሻው ነገር ነው። ከቆላ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ቅዳሜ እንጦጦን ከእኛ ጋር እሮጣለሁ ብሎ ባይነሣ ይሻለዋል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ዳገት ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ እኛም ስናይ እናሳፍረዋለን። የመጀመሪያውን ሳምንት ወደ ሽሮ ሜዳ በእግሩ ይመላለስ፥ በሁለተኛው ሳምንት ዳገቱን እየሄደና እየሮጠ ያጋምሰው፥ ግጥሚያውን ለሦስተኛው ሳምንት ያቆየው። እኛ በልምምድ ቤቱ ያለን ደግሞ አንድ ነገር ተስማምተናል። ከግዳጅ የተመለሰ ሰው በመጣበት ማታ ለግጥሚያ አይጠራም፤ ለጀማሪዎቹ ጠመንጃ አለማስነጠቅን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ልምምዱ ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ በሩ አይቆለፍም።